እንሽላሊት፣ እባብ ወይም ኤሊ ቤት ሲገባ፦ ከጥገኛ ተሕዋስያንና ከጀርም የመጠበቂያ መመሪያ

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ጓደኛዬ እንሽላሊት አለው፤ ለእኔም ይገዛልኝ» ቢል መጀመሪያ መደንገጥዎ አይቀርም። እንሽላሊት ሲያይ መጥረጊያ ማንሣት ለለመደ ሰው ጥያቄው እንግዳ ነው። በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በለንደን ግን ቢርድድ ድራገንና ሌፐርድ ጌኮ የሚባሉት እንሽላሊቶች፣ ኮርን ስኔክ የተባለው መርዝ የሌለው እባብና የውሃ ኤሊ ከሱቅ የሚገዙ የቤት እንስሳት ናቸው። አገር ቤትም በግቢያቸው ኤሊ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ።

ድንጋጤው ሲያልፍ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ «አይጮህ፣ አይሸት፣ ጸጉር አያራግፍ፤ ምን ጣጣ አለው?» ጣጣው በዓይን የማይታይ ነው። አንደኛ፣ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በአንጀታቸው ይዘው ያለ አንዳች ሕመም ይኖራሉ፤ ባክቴሪያው በኩሳቸው ወጥቶ ቆዳቸው፣ ውሃቸውና ሳጥናቸው ላይ ይሰራጫል። ሁለተኛ፣ ሳጥን ዱር አይደለም። በዱር ያለ እንሽላሊት ኩሱን ጥሎ ይሄዳል፤ በሳጥን ያለው ግን መሄጃ የለውም። በኩሱ የወጣውን የትል እንቁላል በምግቡ፣ በውሃውና በምላሱ መልሶ ይውጠዋል። በዱር ሳለ ምንም ያላደረገው ትል በሳጥን ውስጥ ተራብቶ በሽታ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚያርፉት በአንድ ነገር ላይ ነው፦ እንስሳውን ብቻ ሳይሆን ሳጥኑንም ያክሙ።

1. ከመግዛትዎ በፊት ቤተሰቡን ይመልከቱ

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ካሉበት ቤት ተሳቢ እንስሳ እንዳይገባ ይመክራል። የካንሰር ሕክምና የሚከታተል፣ የሰውነት አካል የተተካለት ወይም ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰው በዚህ ውስጥ ይካተታል። አያት አብረው የሚኖሩበት፣ ሕፃን የሚድህበት ቤት ከሆነ ጥያቄውን ለጥቂት ዓመታት ማቆየት ይሻላል። ሕፃን እንስሳውን ሳይነካው እንኳ፣ እንስሳውን ይዞ እጁን ባልታጠበ ሰው በኩል ሊታመም ይችላል።

ትንንሽ የውሃ ኤሊዎች በተለይ ያታልላሉ። ልጆች በመዳፋቸው ይይዟቸዋል፣ ይስሟቸዋል፣ አፋቸው ውስጥም ይከቷቸዋል። አሜሪካ የጀርባ ቅርፊታቸው ርዝመት ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲሜትር ገደማ በታች የሆኑ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1975 የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ትልቁም ኤሊ ቢሆን ሳልሞኔላ ይይዛል፤ ልዩነቱ አፍ ውስጥ አለመግባቱ ብቻ ነው።

ሲገዙ ከዱር የተያዘውን ትተው በሰው እጅ የተፈለፈለውን ይምረጡ። ከዱር የመጣ እንስሳ መዥገሩንና ትሉን ይዞ ይመጣል፤ በጉዞው የደረሰበት መጨናነቅ ደግሞ መከላከያውን ያዳክምበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር በሕግም ያስጠይቃል። በመጨረሻም ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም በአካባቢዎ መኖሩን አስቀድመው በስልክ ያረጋግጡ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ እባብ አያክምም።

2. አዲሱን እንስሳ ለብቻው ያቆዩ

ቤትዎ ሌላ ተሳቢ እንስሳ ካለ፣ አዲሱ ቢያንስ ለ30 ቀን በሌላ ክፍል ይቆይ። እባብ ከሆነ 90 ቀን ይሻላል። ሳጥኑን በዚህ ጊዜ አያስጊጡት፤ አሸዋ፣ የእንጨት ፍቅፋቂና ቅርንጫፍ አያስገቡ። የወጥ ቤት ሶፍት ወይም ጋዜጣ ያንጥፉ፣ የላስቲክ መደበቂያና የውሃ ሳህን ያስቀምጡ፤ ይበቃል። በነጭ ሶፍት ላይ ኩሱም ቅንቅኑም ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሶፍቱም ተጠቅልሎ ይጣላል።

ሥራዎን ሁልጊዜ ከነባሩ ጀምረው በአዲሱ ይጨርሱ። የአንዱ መቆንጠጫ፣ ብሩሽና ሳህን ወደ ሌላው አይሻገር። ሙቀቱንም ከመጀመሪያው ቀን ያስተካክሉ። ተሳቢ እንስሳ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ ስለሚያገኝ፣ ከበረደው ምግብ መፍጨትም በሽታ መከላከልም ያቅተዋል። ለቢርድድ ድራገን አምፖሉ ሥር ያለው ማረፊያ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ 25 አካባቢ ይሁን፤ ለሌፐርድ ጌኮ ሞቃቱ ወለል 32 ገደማ ይበቃዋል። በእጅ ዳብሶ መገመት አይሆንም፤ በቴርሞሜትር ይለኩ።

ግራም የሚለካ ሚዛን ለእንስሳው ብቻ ይግዙና በየሳምንቱ እየመዘኑ በደብተር ይጻፉ። ዓይንዎ ሳያየው ክብደቱ መቀነስ የሚጀምር እንስሳ ብዙ ነው።

3. ኩሱን ያስመርምሩ

የተሳቢ እንስሳ ኩስ አንድ ወጥ አይደለም። ቀረብ ብለው ሲያዩት ቡናማ ወይም ጥቁር የሆነው ጠጣር ክፍል፣ ከጎኑ ነጭ ኖራ የመሰለው የሽንት ዝቃጭና ትንሽ ፈሳሽ ይታያል። ጠጣሩ ቅርጹን የያዘ፣ ነጩም ነጭ ከሆነ ደህና ነው። ውሃ ከሆነ፣ ክፉኛ ከሸተተ፣ ንፍጥ ወይም ደም ካለበት፣ ያልተፈጨ ምግብ ከታየበት ሐኪም ይፈልጋል። ደህና መምሰሉ ግን ከትል ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ እንቁላሉን የሚያየው ማይክሮስኮፕ ነው።

ለምርመራ የሚወስዱት ትኩስ ኩስ ይሁን። አምፖል ሥር የደረቀው አይጠቅምም። ቡናማውን ክፍል በጓንት ወይም በላስቲክ ማንኪያ አንሥተው ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ያድርጉና በሁለት ፌስታል ያሽጉት። በዚያው ቀን ማድረስ ካልቻሉ ከምግብ ለይተው ቅዝቃዜ ውስጥ ያቆዩትና በ24 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ፤ በረዶ ግን አያድርጉት።

ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ምርመራ ያደርጋል። በአንደኛው ኩሱን ጨው ወይም ስኳር በበዛበት ውሃ ይበጠብጥና ወደ ላይ የሚንሳፈፉትን የትል እንቁላሎች ያያል። በሁለተኛው ጥቂቱን በመስታወት ላይ ቀብቶ የሚንቀሳቀሱ ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስያንን ይፈልጋል። ሁለቱም እንዲደረጉ ይጠይቁ። እንቁላል በየቀኑ ስለማይወጣ በአንድ ምርመራ ብቻ «ነፃ ነው» አይባልም፤ ለብቻው በቆየበት ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም በዓመት አንዴ ያስመርምሩ። አይጥ የሚበላ እባብ ኩስ ውስጥ የአይጧ ትል እንቁላል ሊገኝ ስለሚችል፣ እንቁላል ተገኘ ተብሎ ወዲያው መድኃኒት አይሰጥም።

4. ጠላትዎን ይወቁ

ፒንዎርም፦ በቢርድድ ድራገንና በየብስ ኤሊ አንጀት ውስጥ በብዛት የሚገኝ ቀጭን ትል ነው። ሌላ እንስሳ ሳያስፈልገው ከኩስ ወደ አፍ በቀጥታ ይመለሳል። ጥቂቱ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ሲበዛ ግን እንስሳው ይከሳል፣ ምግብ ይተዋል።

ኮክሲዲያ፦ በተለይ ጫጩት ቢርድድ ድራገኖችን የሚያጠቃ ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ ነው። ምልክቱ የሚሸት ተቅማጥ፣ አለማደግና ድካም ነው። ሕክምና አለው፤ ሳጥኑ በየቀኑ ካልጸዳ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ክሪፕቶስፖሪዲየም፦ ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው። በሌፐርድ ጌኮ ላይ ስብ የሚከማችበትን ወፍራም ጅራት ወደ ቀጭን እንጨት ይለውጠዋል። እባብ ላይ ሲሆን የበላውን ያስተፋዋል፣ መሐል ሰውነቱ ላይም እብጠት ያወጣል። አስተማማኝ ፈውስ የለውም፣ በበረኪናም አይሞትም። እየበላ የሚከሳ ጌኮ ካዩ ከሌሎቹ ለይተው ለዚሁ ምርመራ ይውሰዱት።

የእባብ ቅንቅን፦ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ፣ ደም የሚመጥጥ ጥቁር ነገር ነው። እባብዎ ያለ ወትሮው የውሃ ሳህኑ ውስጥ ተጠቅልሎ መዋል ካበዛ ይጠርጥሩ። ውሃውን ሲያዩት ከሥሩ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ሰምጠው ያገኛሉ። እርጥብ ነጭ ሶፍት ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቀስ አድርገው ያንሸራቱ፤ ሶፍቱ ላይ የቀረውን ነጥብ በጥፍርዎ ሲጨፈልቁት ቀይ ደም ከተቀባ ቅንቅን ነው። የዓይኑን ዙሪያና የአገጩን ሥር ማየት አይርሱ። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው እባቡ ላይ ሳይሆን በሳጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ በሙቀት ውስጥ አዲሱ ትውልድ በሁለት ሦስት ሳምንት ይደርሳል። ለዚህ ነው እባቡን ብቻ አጥቦ መተው የማይጠቅመው።

መዥገር፦ ከዱር በመጡ ኤሊዎች ላይ በእግር መጋጠሚያ፣ በአንገት እጥፋትና በጅራት ሥር ተጣብቆ ይገኛል። ጉዳቱ ኤሊዋ ላይ ብቻ አይቆምም። አሜሪካ ሌፐርድ ቶርተስ የሚባለውን፣ በኢትዮጵያም የሚገኘውን ትልቅ የየብስ ኤሊ ከሌሎች ሁለት የአፍሪካ ኤሊዎች ጋር ወደ አገሯ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ2000 የከለከለችው፣ በላያቸው የሚመጡት መዥገሮች ኸርትዎተር የተባለውን የከብት፣ የበግና የፍየል ገዳይ በሽታ ያስገቡብኛል ብላ ነው። መዥገሩን በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው ጥግ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡትና አልኮል ውስጥ ይጨምሩት። ጋዝ ወይም ናፍጣ አይቀቡ፤ በእሳትም አያስነኩት።

5. መድኃኒት በግምት አይስጡ

አገር ቤት በግና ከብት ያለው ሁሉ አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ያውቀዋል። «ለበጉ የሰጠነውን ለኤሊዋም ጠብ እናድርግላት» ማለት ቀላል ነው። አያድርጉት። አይቨርሜክቲን ለኤሊ፣ የየብስም ሆነ የውሃ፣ መርዝ ነው፤ ሽባ አድርጎ ይገድላታል። ለእባብና ለአንዳንድ እንሽላሊቶች ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል፤ ለኤሊ ግን በጭራሽ አይሰጥም። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ ሻምፖም ለተሳቢ እንስሳ አይሆንም።

ሌሎቹም መድኃኒቶች ቢሆኑ መጠናቸው በእንስሳው ግራም የሚሰላ ነው። ለትል ብዙ ጊዜ ፌንቤንዳዞል ይታዘዛል፤ ለ50 ግራም ጌኮ የሚበቃው መጠን ግን ለበግ ከሚሰጠው ጋር አይወዳደርም። ክብደቱን የሚጽፉበትን ደብተር ወደ ሐኪሙ ይዘው ይሂዱ።

መድኃኒቱ በተሰጠበት ቀን ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርገው ይጠቡት፤ ሕክምናው እስኪያልቅ ንጣፉ ሶፍት ይሁን፣ በየቀኑም ይለወጥ። ይህ ካልተደረገ እንስሳው ዛሬ ያወጣውን እንቁላል ነገ መልሶ ይበላዋል፤ እርስዎም «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላሉ። ሕክምናው ካለቀ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ኩሱ እንደገና ይመርመር።

ሳልሞኔላን ከእንስሳው አንጀት ለማጥፋት ብለው አንቲባዮቲክ አይስጡ። አይጠፋም፤ ይልቁንም መድኃኒት የማይበግረው ሳልሞኔላ ይፈጠራል።

6. ጽዳቱን በሥርዓት ይሥሩ

በየቀኑ፦ ኩስ እንዳዩ ከሥሩ ካለው ንጣፍ ጋር ያንሡ። የተረፈ ምግብ ይውጣ። የውሃ ሳህኑ በሳሙና ታጥቦ በአዲስ ውሃ ይሞላ፤ ብዙዎቹ ውሃቸው ውስጥ ስለሚጸዳዱ ሳህኑ ከሳጥኑ ሁሉ የቆሸሸ ዕቃ ነው።

በየሳምንቱ፦ መደበቂያዎች፣ ድንጋዮችና የመስታወቱ ግድግዳ ይታጠቡ። የሶፍት ንጣፍ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። የውሃ ኤሊ ካለዎት ማጣሪያ ቢኖረውም የውሃው ከፊል በየሳምንቱ ይቀየር።

በየወሩ፦ እንስሳውን ወደ ሌላ ዕቃ አዛውረው ሳጥኑን ባዶ ያድርጉና ከታች ባለው ቅደም ተከተል ይጠቡት።

ሀ. ጓንት ያድርጉ፤ መስኮት ይክፈቱ።
ለ. ቆሻሻውን ፍቀው ያስወግዱ፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ይሹት፤ ያለቅልቁት። ኩስ ባለበት ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን በኩሱ ላይ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ሳሙናው መቅደም አለበት።
ሐ. አንድ እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ በጥብጠው ያርሱትና 10 ደቂቃ ይተዉት። በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን፤ የቆየ ብጥብጥ አይሠራም። በረኪናን ከአሞኒያ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።
መ. ሽታው እስኪጠፋ ደጋግመው በውሃ ያለቅልቁ።
ሠ. ፍጹም እስኪደርቅ፣ ቢቻል ፀሐይ ላይ፣ ያቆዩት። እንስሳው የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የጥድ ሽታ ያላቸው፣ ፌኖል የያዙ የወለል ማጽጃዎች ተሳቢ እንስሳትን ይመርዛሉ፤ ሳጥኑ አጠገብ አይድረሱ። የትል እንቁላል፣ ኮክሲዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም በረኪናን ይቋቋማሉ። እነዚህ ከተገኙ የሚረዳው ሙቀት ነው፦ የሚችለውን ዕቃ የፈላ ውሃ ያፍሱበት ወይም በእንፋሎት ማጽጃ ያጽዱት፤ እንጨትና ቡሽ የመሳሰለውን ውሃ የሚመጥ ነገር ይጣሉት። የመስታወት ሳጥን ላይ የፈላ ውሃ በአንዴ አይድፉ፤ ይሰነጠቃል።

7. በምግብ በኩል የሚገባውን ይዝጉ

ከግቢ የተያዘ ፌንጣ ነፃ ይመስላል፤ ጥገኛ ተሕዋስያን ወይም የተረጨበትን ፀረ ተባይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለዚሁ ተብለው የሚራቡትን ይግዙ። በአንድ ጊዜ እንሽላሊቱ ጨርሶ የሚበላውን ያህል ብቻ ይስጡ፤ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ፌንጣ ኩስ ይበላና ነገ እሱ ራሱ ይበላል፣ ሌሊትም የተኛውን እንሽላሊት ይነክሳል። ቅጠላ ቅጠል በሚገባ ታጥቦ በሳህን ይቅረብ እንጂ ንጣፍ ላይ አይበተን።

ለእባብ የሚሸጠው የቀዘቀዘ አይጥ ሳልሞኔላ ሊኖርበት ይችላል፤ በረዶ ባክቴሪያውን አይገድለውም። ከቤተሰቡ ሥጋ ጋር አንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ አያኑሩት፤ ሌላ ማቀዝቀዣ ከሌለዎት በክዳን ዕቃ ታሽጎ ለብቻው ይቀመጥ። ማይክሮዌቭ ውስጥ አይቅለጥ። ለዚህ ብቻ በተለየ ዕቃ፣ በሙቅ ውሃ ያቅልጡት።

8. እጅ፣ ወጥ ቤትና መሶብ

የእኛ ቤት ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ፤ ከአንድ መሶብ በእጅ እንበላለን፣ እንጎራረሳለን። አንድ ያልታጠበ እጅ ገበታው ላይ ያለውን ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ እንስሳውን፣ ሳጥኑን፣ ምግቡን ወይም ውሃውን የነካ ሁሉ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ለምግብ ሲቀርቡ ጣት ላይ ውሃ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም።

እንስሳው ወጥ ቤት አይግባ፤ ጠረጴዛ ላይ አይሂድ። ሳጥኑ፣ ሳህኑና ድንጋዩ በወጥ ቤት ማጠቢያ አይታጠቡ፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ብሩሽና ስፖንጅ ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው። ውሃው ሽንት ቤት ይደፋ። እንሽላሊቱ ወይም ኤሊዋ ገላ የምትታጠበው በራሷ ሳፋ እንጂ ልጆች በሚታጠቡበት ገንዳ አይደለም። መሳምና ፊት ላይ ማስጠጋት ክልክል ይሁን። ትከሻዎ ላይ አስቀምጠውት ከነበረ ሕፃን ከማቀፍዎ በፊት ልብስዎን ይለውጡ። ግቢ ውስጥ ኤሊ ካለችም ሕግጋቱ እነዚሁ ናቸው፦ የምትጠጣበት ዕቃ ለብቻው ይሁን፣ ኩሷ ይነሣ፣ ልጆች ከተጫወቱባት በኋላ ይታጠቡ።

9. ሐኪም ዘንድ መቼ ይኬዳል?

የሳልሞኔላ ምልክቶች ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ውስጥ ጀምረው ከ4 እስከ 7 ቀን ይቆያሉ። ብዙ ሰው ፈሳሽ እየጠጣ ይድናል። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ከደረሰ፣ ታማሚው ውሃ መያዝ ካቃተው፣ ሽንት ካነሰው ወይም ታማሚው ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነ ወዲያው ይሂዱ። ለሐኪሙም «ቤታችን እንሽላሊት አለ» ብለው ይንገሩት፤ ካልነገሩት ሊጠይቅ አያስብም። ከድሮ የተረፈ አንቲባዮቲክ በራስዎ አይጀምሩ።

እንስሳው ደግሞ ክብደት እየቀነሰ ከሄደ፣ ከሁለት ቀን በላይ ካስቀመጠው፣ የበላውን ከተፋ፣ ወይም ዓይኑ ገብቶ ከደከመ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ትኩስ ኩስ ይዘው መሄድዎን አይርሱ።

10. ሥራውን የሚሠራውን ሰው አሁን ይወስኑ

ዕድሜው ከ5 ዓመት ያለፈ ልጅ በወላጅ ፊት እንስሳውን ሊይዝ፣ ውሃ ሊቀይር ይችላል። በረኪና መበጥበጥ፣ የታመመ እንስሳ ኩስ ማንሣትና መድኃኒት መስጠት ግን የአዋቂ ሥራ ነው። የዕለቱን፣ የሳምንቱንና የወሩን ሥራ በወረቀት ጽፈው ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚሠራውን ሰው ስም ያስፍሩ። ወረቀቱ ላይ ስም የሌለው ሥራ ከቀረ እንስሳውን ገና አይግዙ። ሌፐርድ ጌኮ በደንብ ከተያዘ እስከ 20 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ኤሊ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። ዛሬ የለመነዎት ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ብሩሹና ባልዲው ለእርስዎ ስለሚቀሩ፣ «እሺ» የሚሉት ይህንንም ሥራ ተቀብለው ይሁን።